ይርጋ፦ መብታችሁ ጊዜ አልፎበት እንዳይቀር ምን ታደርጋላችሁ?

ገንዘብ አበድራችኋል እንበል። ውሉ በእጃችሁ ነው፤ ምስክሮቹም በሕይወት አሉ። ተበዳሪውም መውሰዱን አይክድም። ክስ ትመሠርታላችሁ። ተከሳሹ መልስ ሲሰጥ አንዲት አንቀጽ ብቻ ይጽፋል፦ «ክሱ በይርጋ የታገደ ነው።» ፍርድ ቤቱ ቀኑን ቆጥሮ መዝገቡን ይዘጋል። ውሉም ምስክሮቹም ሳይታዩ ይቀራሉ።

ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ማስረጃ ጎድሎት ሳይሆን ቀን አልፎበት ነው። በአገራችን ደግሞ ለዚህ ትልቁ ምክንያት «ሽምግልና ላይ ነን» የሚለው ነገር ነው። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ከአብዛኛው የፍርድ ቤት ክርክር ይሻላል ብዬም አምናለሁ። ግን ሽማግሌ በመቀመጡ ብቻ ይርጋ አይቆምም። የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ዙሪያ የሚነገር ነው።

ይርጋ ማለት ሕጉ አንድን መብት በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የሰጠው የጊዜ ገደብ ነው። ገደቡ ካለፈና ተከሳሹ ካነሳው ክሱ ውድቅ ይሆናል። ዋናው መሠረቱ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በተለይ ከቁጥር 1845 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች። ክርክሩ የሚመራበት መንገድ ደግሞ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተቀምጧል። በወንጀልም ይርጋ አለ፤ እዚህ ግን የማወራው ስለ ፍትሐ ብሔር ክርክር ነው።

1. ጉዳያችሁ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

«ይርጋ 10 ዓመት ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። 10 ዓመት የሚሆነው ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ፣ ሌላ ልዩ ሕግ ከሌለ ነው (ቁጥር 1845)። ብድር፣ የሽያጭ ቀሪ ክፍያ፣ የግንባታ ውልና የመሳሰሉት በአብዛኛው እዚህ ይገባሉ። ከዚያ ውጪ ያለው አብዛኛው አጭር ነው፤ አንዳንዱም በጣም አጭር ነው።

- መኪና ገጭቷችሁ፣ ንብረታችሁ ተበላሽቶባችሁ ወይም በሌላ ከውል ውጪ በደረሰ ጉዳት ካሳ የምትጠይቁ ከሆነ፦ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት (ቁጥር 2143)። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከ2 ዓመት የረዘመ ከሆነ፣ ረጅሙ ነው የሚሠራው።
- በማታለል ወይም በማስገደድ የተፈረመ ውል ይፍረስልኝ የምትሉ ከሆነ፦ ምክንያቱ ከቀረ በኋላ 2 ዓመት (ቁጥር 1810)።
- ይዞታዬን ተነጠቅሁ፣ ወይም ሁከት ተፈጠረብኝ ለሚል ክስ፦ 2 ዓመት (ቁጥር 1149)። አጥር ገፍቶ የገባባችሁ ጎረቤት ካለ ይህን ቁጥር አትርሱ።
- ከኢንሹራንስ ውል ለሚነሳ ጥያቄ፦ በንግድ ሕጉ 2 ዓመት።
- ሥራ ላይ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፦ ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት 3 ወር ብቻ። ለደመወዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ለመሳሰሉት ክፍያዎች 6 ወር። ከሥራ መሰናበት ጋር ለሚመጣ ክፍያ 6 ወር። በተለየ ሁኔታ ላልተጠቀሰው 1 ዓመት።

የሥራውን በደንብ ያዙት። የተባረረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የሚያሳልፈው አለቃውን በመለመን ነው። «ትንሽ ታገሥ፣ እናስተካክለዋለን» ይሉታል። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው አብሮ ያልቃል።

ውርስ ላይ ነገሩ ውስብስብ ነው። ያለ ወራሽነት መብት የውርስ ንብረት ይዞ የተቀመጠን ሰው ለመክሰስ፣ መብታችሁንና ንብረቱ በእሱ እጅ መሆኑን ካወቃችሁ ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ከዘር የመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ከሚመለከተው በቀር፣ ባታውቁም እንኳ 15 ዓመት ሲሞላ ያበቃል (ቁጥር 1000)። ከሳሹም ተከሳሹም ወራሾች ሲሆኑ ግን የሰበር ሰሚ ችሎት (የሕግ ስህተትን የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት) ትርጉሞችን ማየት ግድ ነው፤ ያለ ሕግ ባለሙያ አትወስኑ። ኑዛዜ መቃወም ደግሞ በቀናትና በወራት የሚቆጠር ጊዜ ነው ያለው። ኑዛዜ ሲነበብ ሰምታችሁ ካልተስማማችሁ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ጋ ሂዱ። ለቅሶው ይውጣ፣ አርባው ይውጣ እያላችሁ አትቆዩ።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በዓረብ አገር ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። አባት ሞቶ ቤቱን ዘመድ ይዞት «ስመጣ እናየዋለን» የሚል ሰው ብዙ ነው። ውጭ አገር መሆን በራሱ ቆጠራውን አያቆምም። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ሰጥታችሁ አገር ቤት ያለ ሰው ክሱን በስማችሁ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። ውክልናው ላይ «ክስ ለመመሥረት፣ ለመከራከር፣ ጠበቃ ለማቆም» የሚል በግልጽ መጻፉን አረጋግጡ። ሰነዱ አገር ቤት ደርሶ እስኪረጋገጥ የሚወስደውንም ጊዜ አስቡት።

2. ቆጠራው የጀመረበትን ቀን አግኙ

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ይቆጥራል። ሕጉ የሚለው ግን መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ነው (ቁጥር 1846)። ውሉ በ2006 ዓ.ም ተፈርሞ ገንዘቡ የሚመለሰው ሚያዝያ 27 ቀን 2007 ዓ.ም ከሆነ፣ ቆጠራው ከ2007ቱ ቀን ይነሳል።

የመጀመሪያው ቀን ራሱ አይቆጠርም። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል (ቁጥር 1848)። በምሳሌያችን 10 ዓመቱ የሚሞላው ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ያ ቀን የአርበኞች ቀን ነው፤ ሰኞ ነበር የዋለው። ስለዚህ የመጨረሻው ዕድል ማክሰኞ ሚያዝያ 28 ይሆናል። ይህን ያሳየኋችሁ ስሌቱ እንዲገባችሁ እንጂ እስከዚያ እንድትጠብቁ አይደለም። በመጨረሻው ቀን ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ጋ የሚሄድ ሰው አቤቱታው ላይ አንዲት ጉድለት ተገኝታ «አስተካክለህ ተመለስ» ከተባለ አለቀለት።

ውሉ የመክፈያ ቀን ከሌለውስ? «በፈለግሁ ጊዜ ይመልስልኛል» የሚል ውል ብዙ ነው። እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ለጥንቃቄ ገንዘቡን ከሰጣችሁበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ዘግይቶ ነው የጀመረው የሚል ክርክር ሊኖራችሁ ይችላል፤ ግን ክርክሩ ላይ ከመንጠልጠል ቀድሞ መገኘት ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። ከድርጅት ወይም ከውጭ ሰው ጋር የተጻፉ ውሎች በአውሮፓ አቆጣጠር ይሆናሉ። ወረቀቱ ላይ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» መባሉን እዩና ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ለውጡ። አቤቱታችሁ ላይ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ ከጻፋችሁ ዳኛውን ታደናግራላችሁ፤ ለተከሳሹም መሣሪያ ትሰጣላችሁ።

3. ይርጋው ተቋርጦ እንደሆነ ፈትሹ

ጊዜው አልፏል ብላችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን እዩ። በቁጥር 1851 መሠረት ይርጋን የሚያቋርጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው። ወለድ መክፈል፣ ከፊሉን መክፈል፣ መያዣ ወይም ዋስ ማቅረብ እንደ ማመን ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ባለገንዘቡ በፍርድ ቤት መክሰሱ ነው።

ሲቋረጥ ያለፈው ጊዜ ይጠፋና እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ዕዳው በጽሑፍ ከታመነ ወይም በፍርድ ከተረጋገጠ አዲሱ ጊዜ 10 ዓመት ነው (ቁጥር 1852)።

ስለዚህ ስልካችሁንና የባንክ መግለጫችሁን ፈትሹ። ተበዳሪው ከሦስት ዓመት በፊት በቴሌብር 5,000 ብር ልኮላችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ላይ «ከብድሩ» ብሎ ጽፎም ከሆነ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ስክሪን ሹት ብቻ አንስታችሁ አትተዉት፤ ከተቋሙ ማኅተም ያለው መግለጫ አውጡ። ከአሁን በኋላም ከፊል ክፍያ ስትቀበሉ ደረሰኝ አዘጋጁ፤ «በዚህ ቀን ከተዋዋልነው ብድር የተከፈለ» የሚል ይኑርበት፤ ከፋዩም ይፈርም።

አሁን የማያቋርጡትን ልንገራችሁ። በአካል ሄዶ መጠየቅ አያቋርጥም። ስልክ መደወል አያቋርጥም። የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም በራሱ አያቋርጥም፤ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ሽምግልና መቀመጥም እንደዚያው። ሽማግሌ ፊት ተበዳሪው «አለብኝ» ቢል ማመን ነው፤ ግን ነገ ካደ በምን ታስረዳላችሁ? ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ እንጂ በሌላ እንደማይረጋገጥ ሕጉ ይናገራል (ቁጥር 2472)። የሽማግሌ ቃል ላይ ብቻ መንጠልጠል አያዋጣም።

4. ሽምግልና ላይ ከሆናችሁ ወረቀት አስፈርሙ

ይህ ክፍል ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ሽምግልና ሲጀመር፣ ገንዘቡ እንዴት ይከፈል የሚለው ከመነሳቱ በፊት፣ ዕዳው መኖሩ ይጻፍ። «እንዴት ዘመዴን ፈርምልኝ እለዋለሁ?» የሚል ይሉኝታ ይመጣል። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ «ጋሼ፣ ሽምግልናውን አከብራለሁ፤ ፍርድ ቤት መሄድም አልፈልግም። ነገ አንዳችን ብንሞት ልጆቻችን እንዳይጣሉ ያለውን ነገር በወረቀት እናስቀምጠው።» ይህን የሚቃወም ቅን ተበዳሪ እምብዛም የለም። ሽማግሌዎቹም ይደግፏችኋል።

ወረቀቱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ይህ ይበቃል፦

«እኔ ተበዳሪ (ሙሉ ስም፣ አድራሻ)፣ ከአበዳሪ (ሙሉ ስም) ሰኔ 3 ቀን 2009 ዓ.ም በተጻፈ የብድር ውል ከወሰድኩት ብር 200,000 (ሁለት መቶ ሺህ) ውስጥ እስከ ዛሬ ብር 30,000 (ሠላሳ ሺህ) ከፍያለሁ። ቀሪው ብር 170,000 (አንድ መቶ ሰባ ሺህ) ያለብኝ መሆኑን አምኜ ይህን የእምነት ቃል ዛሬ (ቀን) ፈርሜ ሰጥቻለሁ።»

ከሥር የተበዳሪው ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ፣ ቀን። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ውል ቀን መጥቀስ አትርሱ፤ አለዚያ «ያ ሌላ ብድር ነው» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። «ለመክፈል እሞክራለሁ» የሚል ለስላሳ ቃል አትቀበሉ፤ «ያለብኝ መሆኑን አምኜ» የሚለው መኖር አለበት። ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ ከያዙም ይኸው ሐሳብ ገብቶበት ተበዳሪው ይፈርምበት። ሽማግሌዎቹ ብቻ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ የተበዳሪው የጽሑፍ እምነት አይሆንም።

አልፈርምም ካለስ? ያን ጊዜ ቀሪውን ጊዜ ቁጠሩ። ከዓመት በታች ከቀረ ሽምግልናው እየቀጠለም ቢሆን ክስ ክፈቱ። መክሰስ ጠብ ማለት አይደለም። መዝገብ ተከፍቶም መታረቅ ይቻላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 ተከራካሪዎች ክርክሩን በስምምነት እንዲጨርሱ ይፈቅዳል። ስምምነቱ በፍርድ ቤት ከጸደቀ ደግሞ በአፍ ከተገባ ቃል ይልቅ አስተማማኝ ነው። ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ አስረዱ፦ ክሱ የተከፈተው ቀን እንዳያልፍ ነው፤ እርቁ ከሰመረ መዝገቡ በስምምነት ይዘጋል።

5. ክሱን ስትጽፉ ቀኑን አስቀድማችሁ አስረዱ

የክስ አቤቱታ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ መናገር አለበት። ይርጋ ሊነሳባችሁ እንደሚችል ከጠረጠራችሁ፣ ተከሳሹ እስኪያነሳው አትጠብቁ። «ገንዘቡ መከፈል የነበረበት በዚህ ቀን ነው፤ ተከሳሽ በዚህ ቀን ከፊሉን ስለከፈለ/በጽሑፍ ስላመነ ይርጋው ተቋርጧል» ብላችሁ ጻፉ። የእምነት ቃሉን፣ የባንክ መግለጫውን፣ ደረሰኙን በማስረጃ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባን ሰነድ በኋላ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው።

ከተከሳሹ ጋር የቅርብ ዝምድና ወይም የመታዘዝ ግንኙነት ስለነበራችሁ በጊዜው መጠየቅ ካልቻላችሁ፣ ቁጥር 1853ን ጥቀሱ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ምክንያት የይርጋ መቃወሚያውን ላይቀበለው ይችላል። ግን «ይችላል» ነው የሚለው ሕጉ፤ በዳኛው ሚዛን ላይ የቆመ ነው። ዝምድናው እንዴት እንዳገዳችሁ በዝርዝር አስረዱ፤ «ዘመዴ ስለሆነ» ማለት ብቻ አይበቃም። ይህን አንቀጽ እንደ መጨረሻ መሸሸጊያ እንጂ እንደ ዕቅድ አትያዙት።

የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካቃታችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ገንዘብ አጥቼ ነው የዘገየሁት ከማለት እነሱን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

6. እናንተ ተከሳሽ ከሆናችሁ

መጥሪያ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠሩ። ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አንስቶ ክስ አይዘጋም (ቁጥር 1856)። ካላነሳችሁት የለም። የሚነሳውም በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ፍሬ ነገሩ ከመገባቱ በፊት በሚታይ ተቃውሞ)፣ ከመልሳችሁ ጋር ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መቃወሚያዎች ሁሉ በአንድ ላይ እንዲቀርቡ ይጠይቃል። በጊዜው ካላነሳችሁት እንደተዋችሁት ይቆጠራል።

አጻጻፉ ቀላል ነው፦ «ከሳሽ የጠየቁት ገንዘብ መከፈል የነበረበት ሚያዝያ 27 ቀን 2005 ዓ.ም ሲሆን ክሱ የቀረበው ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ይርጋውን የሚያቋርጥ ነገር የለም። ስለዚህ ክሱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት በይርጋ የታገደ በመሆኑ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244(2)(ረ) መሠረት ውድቅ ይደረግልኝ።»

ከዚያ በታች «መቃወሚያው ከታለፈ (ፍርድ ቤቱ ካልተቀበለው) በአማራጭ» ብላችሁ በፍሬ ነገሩ ላይ መልስ ስጡ። «ዕዳውስ አለብኝ፣ ግን...» ብላችሁ አትጀምሩ። ከሳሹ ይህችን ይዞ «አምኗል» ብሎ ሊከራከርባችሁ ይችላል። አሁን የምናገረው ግን የሕጉን ነው፤ የወሰዳችሁትን ገንዘብ ጊዜ ስላለፈበት ብቻ መካድ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ይርጋ የሚጠቅመው ደረሰኙ የጠፋበትን፣ ምስክሮቹ የሞቱበትን፣ ከፍሎ ሳለ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጠየቅን ሰው ነው። ለአንዳንድ ዕዳዎች ሕጉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከፍለዋል ብሎ የሚገምተውም ለዚህ ነው፤ ቁጥር 2024ን አንብቡት።

ውሉ ላይ «ይርጋ አላነሳም» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነም አትደንግጡ። ይርጋው ከመሙላቱ በፊት መብቱን አስቀድሞ መተው አይጸናም።

7. ብይኑ ከተሰጠ በኋላ

ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ወገን ሐሳብና ማስረጃ ሰምቶ በመቃወሚያው ላይ ብይን ይሰጣል። መቃወሚያው ውድቅ ከሆነ ክርክሩ በፍሬ ነገሩ ይቀጥላል። ክሳችሁ በይርጋ ከተዘጋ ግን ይግባኝ አለ፤ የይግባኙ ጊዜ በመደበኛው 60 ቀን ነው (በሥራ ክርክር ግን 30 ቀን)፤ እሱም ያልፋል። የብይኑን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ይግባኝ ላይ የምትከራከሩት በሦስት ነገር ነው፦ የተሳሳተ የይርጋ ዓይነት ተመርጧል፣ የመነሻው ቀን ተሳስቷል፣ ወይም መቋረጡ ታልፏል። የትኛው እንደሆነ ለዩና በእሱ ላይ አተኩሩ።

አሸንፋችሁም ከሆነ ገና አላለቀም። ፍርዱ ራሱ ጊዜ አለው፤ የአፈጻጸም ማመልከቻ (ፍርዱ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት) በ10 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 384)። የፍርድ ባለዕዳው «እየከፈልኩህ ነው» እያለ ዓመታት ሊያስቆጥር ይችላል። ፍርዱን እንዳገኛችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ፤ የባለዕዳውን ቤት፣ መኪናና የባንክ ሒሳብ ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ።